ዝገት በሚለው ዓምድ

ብረት አይሸትም የሚል ሰው ካለ መጥቶ የኛን የምርምር ጣቢያ የላስቲክ ቤት በር ይክፈትና ይሞክረው። ቀዩን አሲዳማ አፈር በባልዲ ሞልተን ውሃ ስናስተኛበት፣ በሦስተኛው ቀን ከላዩ ላይ ሰማያዊም ሐምራዊም የሚመስል ስስ ቅባት ያንሳፍፋል። በጣት ሲነኩት ይሰነጣጠቃል፤ ከሥሩ ብርቱካንማ ንፍጥ የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታና የደም ጣዕም አንድ ላይ አፍ ውስጥ ይገባል። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ውስጥ ሠርቼ አንድም ቀን አልለመድኩትም። ምሳ ከመብላቴ በፊት እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና አሻለሁ፤ ያም ሆኖ ጥፍሬ ሥር የገባው ዝገት አይለቅም። ዳቦ ስቆርስ ጣቶቼን ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

ሥራዬ ነጥብ መስጠት ነው። ስድሳ ዓይነት ስንዴ አለን፤ አብዛኛው ከየገበሬው ጎተራ የተለቀመ የድሮ ዘር ነው። ብረት በበዛበት ኮምጣጣ አፈር ውስጥ እንዘራውና የትኛው እንደሚችለው እናያለን። ግማሹ አንድ ወር ሳይሞላው ይሞታል። የቀረውን በየሳምንቱ አጎንብሼ ቅጠል በቅጠል እያየሁ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ዜሮ ማለት ቅጠሉን ምንም አልነካውም ማለት ነው፤ ዘጠኝ ማለት የተነካው ቅጠል አልቆለታል። ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ወገቤን ጠይቁት።

አርባ አንድ ቁጥር የእቴቴ ዘር ነበር። እቴቴ የአባቴ እህት ናት፤ እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። መሬቷ ኮረብታ ሥር ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ቀዩ ውሃ ከላይ ወርዶ የሚተኛው እሷ ማሳ ላይ ነው። ጎረቤቶቿ ምርጥ ዘር የተባለውን ሁሉ በየተራ ሞክረው ገለባ አጭደዋል። እሷ ከአማቷ በወረሰችው ቀይ ስንዴ አራት ልጅ አሳደገች፤ እኔ አምስተኛ ነኝ። ሲስቁባት «የኔ ስንዴ እንደኔ ነው፤ ከታች ይዝጋል፣ ከላይ ያፈራል» ትላቸዋለች።

አምና በረዶ ሰብሏን መታውና የተረፈው ዘር አንድ ማዳበሪያ እንኳ የማይሞላ ሆነ። «እኛ ጋ ይሁን፤ እንፈትነዋለን፣ እናባዛዋለን፣ ለሚመጣው ዘር ጊዜ እጥፍ አድርጌ እመልስልሻለሁ» ብዬ ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። «ያለኝ ይኸው ነው» አለችኝ ስታስረክበኝ። ዘሩ እስኪመለስላት መሬቷን ባቄላ ዘርታበት ተቀመጠች። የዘንድሮው ሙከራ ጥሩ ከሆነ የማባዣ መሬት ይሰጠዋል፤ ካልሆነ ግን ዕጣው መጋዘን ነው። ስለዚህ ያንን ባልዲ የማየው እንደ ሌላው ባልዲ አልነበረም።

ጣጣው የመጣው ከቅጽ ነው። ድሮ የራሳችን ደብተር ነበረን፤ በማስመሪያ አስምሬ «የብረት ጉዳት» የሚል ርእስ እጽፍበት ነበር። ዘንድሮ ከዋናው መሥሪያ ቤት ለሁሉም የስንዴ ሙከራ የሚሆን አዲስ ቅጽ መጣ። የመጣው በውጭ ቋንቋ ነው፤ የተረጎመው የኛ አለቃ ነው። አለቃችን ፊት ለፊት «ዶክተር» ይባላል፤ ዞር ሲል «ቢሆንም» ነው ስሙ፤ ይህን ቃል ሳይጨምር አንድም ነገር ተናግሮ ስለማያውቅ። ቅጹ ላይ ቁመት አለ፣ የዛላ ብዛት አለ፣ ቀጥሎ «ዝገት» የሚል ዓምድ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳየው ደስ አለኝ። እሰይ፣ አንድ ቀን እንኳ ስለኛ ሥራ ያሰበ ሰው ተገኘ አልኩ። ብረት የጠጣ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ነቁጥ በነቁጥ እየሆነ ቡናማ ይሆናል። ይዝጋል ማለት ነው። ሌላ ምን ዝገት አለ?

አርባ አንድ ከሁሉም በላይ ዝጎ ነበር። የታችኞቹ ሦስት ቅጠሎቹ አሮጌ ቆርቆሮ መስለዋል። ያን ሁሉ ብረት እዚያ ታች አከማችቶ፣ ከላይ ግን ለምለም ነው፤ አገዳው ቀጥ ብሏል። ከስድሳው ውስጥ ሙሉ ዛላ ያወጣ እሱ ብቻ ነበር። የቀሩት ወይ ሞተዋል ወይ ጣት አክለው ቀርተዋል፤ አንዳንዶቹ አረንጓዴ ቢሆኑም ፍሬ የሚባል ነገር የላቸውም። በቁመት አንደኛ፣ በዛላ አንደኛ፣ በዝገት ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ። ያችን ዘጠኝ የጻፍኳት በኩራት ነበር። ይህን ያህል ዝጎ ይህን ያህል ያፈራ ማን አለ ልል ፈልጌ ነው።

የግምገማው ስብሰባ ቀን አምስት ሰው ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ የተጠራሁት ደብተር ለማቀበል ነው። «ቢሆንም» አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ የኔን ወረቀቶች ይገልጣል። እነዚያ ወረቀቶች የላስቲክ ቤቱን ውሃ ሲጠጡ የከረሙ ናቸው፤ አንድ ገጽ በገለጠ ቁጥር ያንን ቅባት ይልሳል። የዘር ጤና ኃላፊው ደግሞ ከጎኑ ሆኖ ብስኩት ሻይ ውስጥ ይነክራል፤ ተቆርሶ የወደቀበትን በጣቱ ከብርጭቆው ሥር እየጠረገ ይመጠምጣል። ቋቅ አለኝ። ጠዋት የብረት ውሃ ሽታ ያላደረገኝን እነሱ አደረጉኝ።

አርባ አንድ ላይ ሲደርሱ የዘር ጤና ኃላፊው ጣቱን ከአፉ አወጣና «ዝገት ዘጠኝ? ይሄማ በሽተኛ ነው» አለ። የገባኝ ያኔ ነው። የስንዴ በሽታ ማለቱ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ቀይ ዱቄት የሚነሰንሰው። እኛ እሱን ዋግ ነው የምንለው፤ የገበሬ ልጅ ሁሉ ከአፍ መፍቻው ጋር የሚያውቀው ቃል ነው። ቅጹ መጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ ግን ዋግም የብረት ዝገትም አንድ ስም ነው ያላቸው። ዶክተራችን መዝገበ ቃላት ገልጦ ፊት የመጣለትን ቃል አንሥቶ ለጥፏል። ማሳ ሳይረግጥ የስንዴ ዶክተር የሆነ ሰው ዋግን ዝገት ቢል ምን ይገርማል?

ደንቡ ተነበበ። ከሰባት በላይ ያገኘ ዘር ከሙከራው ይወጣል፤ በመጋዘን ያለውም በባልዲ ያለውም ይቃጠላል። ዋግ በነፋስ እንጂ በዘር እንደማይሄድ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። ላስቲክ ቤቱ ደግሞ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ አንዳቸው ሄዶ ቅጠሉን በጣቱ ቢያሸው ዱቄት እንደሌለው ወዲያው ያይ ነበር። ውጭ ግን ያካፋል፤ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው ፈሩ። አምስቱም እጃቸውን አወጡና አጸደቁ።

እኔስ? እኔም ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። አለቃን በሰው ፊት ማሳጣት ነውር ነው፣ ብቻውን አነጋግረዋለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

እንደተበተኑ ቢሮው ገባሁና ነገርኩት። አልተከራከረኝም፤ ደሜን ያፈላው ይሄ ነው። ቅጹን አገላብጦ አየና ልክ ነሽ፣ ዋግ መባል ነበረበት አለ፤ አንድ ፊደል የገደፈ ነው የሚመስለው። ቢሆንም ቅጹ በሦስት ጣቢያ እየተሠራበት ነው። ቢሆንም ትርጉሙ ስህተት ነው ብሎ መጻፍ የሦስት ጣቢያ ሥራ መበጥበጥ ነው። ቢሆንም እሱ ክፉ ሰው ስላልሆነ አንድ መንገድ አለ።

«አንቺ ማመልከቻ ጻፊ» አለኝ። «‘በእኔ በመዝጋቢዋ ቸልተኝነት ቁጥሩ ተሳስቶ ተሞልቷል’ በይና ፈርሚበት። እኔ ውሳኔውን አሰርዘዋለሁ፤ ዘሩም ይተርፋል።»

«ቸልተኝነት?» አልኩት።

«ቃል ነው እኮ። ቃል ሰው አይገድልም።»

ቃል ሲገድል ያየነው ገና ሰዓት ሳይሞላው ነው። ግን ምን እያለኝ እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ዘጠኙን ዓመት የሠራሁት በኮንትራት ነው፤ በየዓመቱ መጨረሻ ይታደስልኝ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት። በዚያው ወር ስሜ ለቋሚነት ቀርቧል። ፋይሌ ውስጥ «ቸልተኝነት» የሚል ወረቀት ከገባ ቋሚነቱ ቀርቶ ኮንትራቱም አበቃለት። እሱ ይህን ሁሉ እያወቀ እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ፤ ጫፉ የታኘከ፣ ገና ምራቁ ያልደረቀ እስክሪብቶ። አልተቀበልኩትም። ላስብበት ብዬው ወጣሁ። አስቢበት፣ ቢሆንም አትቆዪ አለኝ ከኋላዬ።

መቆየት እችላለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር፤ ምክንያቱም ዘሩን የሚያቃጥለው «ነገ» ነው። «ነገ» የምንለው የመጋዘኑን ሠራተኛ ነው። ቁልፍ ሲጠየቅ ነገ፣ ሚዛን ሲጠየቅ ነገ ይላል፤ የገዛ ሠርጉን ሁለት ጊዜ አስተላልፏል ተብሎ ይወራበታል። «ነገ» ምንም ቢሆን ዛሬ አያቃጥልም አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን ማመልከቻውን ጻፍኩና ቀደድኩት። በሁለተኛው ቀን «ቸልተኝነት» የሚለውን አውጥቼ «አለመግባባት» አስገባሁ፤ እንደማይቀበለኝ ስለማውቅ ያንንም ቀደድኩ። ለባሌ ነገርኩት። ስንዴ ስንዴ ነው፣ አክስትሽ ሌላ ትዘራለች አለኝ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳፈጠጠ። ጠላሁት። እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ የካልሲውን ቀዳዳ ሲያወዛውዝ እያየሁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ያገባሁት አልኩ። ግን ያንኑ እንዲደግምልኝ ፈልጌ ወሬውን ሁለት ጊዜ አነሣሁበት። ሁለቴም ደገመልኝ።

በሦስተኛው ቀን ማመልከቻውን «ቢሆንም» እንዳለው አድርጌ ጽፌ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው፤ እዚያው ስደርስ እፈርማለሁ አልኩ። ከበሩ ሳልገባ ጭስ ሸተተኝ።

«ነገ» ከመጋዘኑ ጀርባ በርሜል አጠገብ ቆሞ በብረት ዘንግ ይቆሰቁሳል። ፊቱ በርቷል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጎብኚ ይመጣል ስለተባለ ጎሕ ሲቀድ ገብቶ ሁሉንም አጽድቷል፤ ከረጢቱንም፣ ከባልዲ የተነቀለውንም፣ ዛላውንም። ነገ ነገ እያላችሁ ታሙኝ የለ፣ ይኸው በቀኑ ሠራሁ አለኝ። እንዳመሰግነው ጠበቀ። በርሜሉ ውስጥ አየሁ። ስንዴው ከቀለጠ ላስቲክ ጋር ተለጣጥፎ ጥቁር ዝፍት ሆኗል፤ ዳር ዳሩ ላይ ያልነደደው ፍሬ እየፈነዳ ይንጣጣል። ሽታው ግን መጥፎ አልነበረም። የተቆላ እህል ነው የሚሸተው። ቁርስ አልበላሁም ነበርና አፌ ምራቅ ሞላ። ያን ጊዜ ከልቤ አቅለሸለሸኝ፤ ግድግዳውን ተደግፌ አስመለስኩ። «ነገ» ጭሱ ነው ብሎ ውሃ አመጣልኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ ለእኔ ቅጠሉም እጄ ላይ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ፤ ያውም አልጮኽኩም። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ልናገረው። አፌን ተጉመጥምጬ ቀና ስል ቀለል አለኝ። ማመልከቻው ከእንግዲህ አያስፈልግም፣ መፈረም ቀረልኝ፣ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ሐዘኑ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፤ ፊት የመጣው እፎይታ ነው። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩት። «ቢሆንም»ን፣ ብስኩት መጥማጩን፣ ባሌን ስጸየፍ ከርሜ፣ በዚያ ቅጽበት ከሁሉም የከፋሁት እኔ ነበርኩ።

ቋሚነቴ በሁለተኛው ሳምንት ጸደቀ። «ቢሆንም» ደብዳቤውን ራሱ አምጥቶ እጄን ጨበጠኝ። መዳፉ ርጥብ ነበር፤ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ፣ እያየኝ።

በማግሥቱ እቴቴ መጣች። ዘበኛው የስንዴ ሥር የምናጥብበት ክፍል ድረስ አመጣት። ከአውቶቡስ ከወረደች በኋላ ዝናቡ እንዳያገኛት ፈጥና ስለሄደች ትንፋሽ አጥሯታል። ብብቷ ሥር ሁለት ባዶ ማዳበሪያ አጥፋ ይዛለች፤ እጥፍ አደርግልሻለሁ ብያት የለ። ደጉን ሁሉ ተጠያየቅን። ባቄላው መልካም እንደሆነ፣ ያ የጎረቤቷ በሬ ደግሞ አጥር ማፍረስ እንዳልተወ፣ እኔ ግን ከስቼ እንዳላማርኳት ነገረችኝ። ከዚያ ማዳበሪያዎቹን ጭኗ ላይ ዘርግታ ዝናቡ ሳይጠነክር ዘሬን ልውሰድ ብዬ ነው አለች።

«እቴቴ፣ ዘሩ ታሞ ነበር» አልኳት። «ዋግ ያዘውና ሌላውን እንዳይበክል ተቃጠለ።»

አስቤ የተናገርኩት አይደለም፤ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ የነበረ ነው። ዋግ የሚለውን ቃል ያኔ በትክክል ጠራሁት። እንድትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። ለቁጣ ዝግጁ ነበርኩ፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

አልተቆጣችም። አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ ልጄ» አለች። «በሽተኛ ዘር ሰጥቼ ሥራሽን አበላሸሁብሽ? አለቆችሽ ክፉ ተናገሩሽ?» የለም አልኳት። አላመነችኝም። የሰው አገልጋይ ሆነሽ ሳለ አስወቀስኩሽ፣ ባላውቅ ነው፣ ይቅር በይኝ እያለች እጄን ይዛ ታሻሸው ጀመር። ጥፍሮቼን እንዳታይ ጣቶቼን አጠፍኩ። እሷ እየዘረጋች ታሻቸዋለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያን እጅ ሳይጸየፍ የያዘ ሰው አላስታውስም፤ ባሌም ቢሆን፣ እኔም ብሆን።

እጄን ለቀቀችና «እንግዲያው ያንንም አላሳድረውም» አለች።

ምኑን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ያለኝን ሁሉ ሰጠሁሽ ብዬሽ ነበር። ገበሬ ዘሩን አሟጦ ይሰጣል እንዴ? ሁለት እፍኝ የምትሆን በጨርቅ ቋጥሬ ከሣጥኔ ሥር አስቀርቻለሁ። ዛሬ ስገባ እሳት ውስጥ እጨምራታለሁ። በሽታ ታቅፌ የሰው ማሳ አላስበክልም።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ እንኳ ልቤ ስሌት ውስጥ ገብቶ ነበር። ዝም ብል ነገሩ እዚህ ያበቃል፤ እሷ ታቃጥላለች፣ እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፣ የሚጠይቅ የለም። ከአማቷ፣ ከአማቷ እናት ሲወርድ የመጣው ስንዴ ዛሬ ማታ ምድጃዋ ውስጥ ያልቃል፤ የምታቃጥለውም በንጹሕ ልቧ ነው፤ ለጎረቤቷ አዝና፣ ለእኔ አፍራ።

«አታቃጥዪው» አልኳት። «አልታመመም። አልታመመም ነበር።»

ነገርኳት። ቅጹን ነገርኳት፤ ዝገት ያልኩትን ዋግ ብለው እንዳነበቡት፣ እኔም ከበሩ አጠገብ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ማመልከቻውን፣ ሦስቱን ቀን፣ በርሜሉን ነገርኳት። ቋሚነቱንም ነገርኳት። እፎይ ማለቴን ብቻ ደበቅኩ። ማዳበሪያዎቹን እያጠፈች ነበር የምትሰማኝ፤ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ከዚያ ሊታጠፍ እስከማይችል ድረስ።

«ዛላ አውጥቶ ነበር?» አለችኝ ስጨርስ።

«አውጥቶ ነበር። ከስድሳው እሱ ብቻ።»

«ያወጣል» አለች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ለኔ አልነበረም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያችን የቀረችውን አቃጥላለሁ ባልልሽ ኖሮ፣ ትነግሪኝ ነበር?»

ሳትቆጣ ነው የጠየቀችኝ። በልጅነቴ ስኳር የሰረቅኩ ቀን እንኳ ከዚህ የከረረ ድምፅ ነበራት። እነግርሽ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ውጭ ዝናቡ ጠንክሮ የላስቲክ ቤቱን ጣሪያ ይደበድባል።

ተነሣች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ማዳበሪያዎቹን ብብቷ ሥር መለሰች። እስከ አውቶቡሱ ልሸኝሽ ብዬ ብድግ አልኩ። ትከሻዬን በእጇ ጫን አድርጋ መልሳ አስቀመጠችኝ።

«ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ።